ለቀብሩ እንደርሳለን

ሕልም የሌሊት ነው ያለው ማን ይሆን? በልሁ ሕልሙን ያየው በጠራራ ፀሐይ፣ የእናቱን አስከሬን ከጫነው መኪና ኋላ በሚከተል አውቶብስ ውስጥ፣ መስኮቱን ተደግፎ ነው። ምን ያድርግ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እናቱን ማጣቱ አንሶ፣ የሕይወት ታሪኳን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በማይክሮፎን የምታነበው አንተ ነህ ተባለ። በልሁ ደግሞ ሰው ፊት መቆም ሞቱ ነው። ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ ሁለት ቃል ተናገር ቢሉት፣ ሽንት ቤት ገብቶ ኬኩ እስኪቆረስ አልወጣም።

ዛሬ ግን መደበቂያ የለውም፤ እናቱ ሌላ ልጅ የላትም። እሷ ደግሞ የሰው ቀብር ቀርታ አታውቅም፤ ብትታመምም፣ ዶፍ ቢወርድም፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም፣ መርዶው በሰፈሩ ቴሌግራም ሲነገር የበልሁ ስልክ ጩኸቱን አላቋርጥ አለ። "ነፍስ ይማር።" "እግዚአብሔር ያጽናህ።" "ለቀብሩ እንደርሳለን።" በልሁ የመጪውን ሰው ብዛት ይቆጥራል። ያ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ሊያፈጥ ነው። እናቱን በሰው ፊት አዋርዶ ሊቀብራት ነው።

"ስማኝ" አለችው አክስቱ እልፍነሽ፣ አውቶብሱ ሲነሳ ከረሜላ በእጁ እያስጨበጠችው። "ይሄን ጉረስ፣ አፍህ እንዳይደርቅ። ከሰዉ መሀል አንድ ሰው ምረጥና ዓይን ዓይኑን እያየህ ለእሱ ብቻ አንብብ። ሌላውን እንደሌለ ቁጠረው።"

በልሁ ዓይኑን ጨፈን አደረገ፤ ወዲያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሰ።

ግቢው ጢም ብሏል። ግን ለለቅሶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበስ የሚገባቸው ሰዎች፣ ነጠላውን በወጉ ለብሰው ራሳቸው ተዘቅዝቀዋል። እግራቸው ወደ ሰማይ ነው፤ እንባቸው በግንባራቸው አልፎ ወደ ፀጉራቸው ይፈሳል። ማንንም አልገረመውም።

ወንበሮቹ ላይ በረድፍ የተቀመጡት ማይክሮፎኖች ናቸው። ከፊታቸው አንዲት በርጩማ አለች። ሰዉ ተራ በተራ እየወጣ፣ እዚያች ላይ ተቀምጦ በዚያ ሁሉ ማይክሮፎን ፊት ማዳመጥ አለበት። ፍርሃታቸው አይጣል ነው! የእድሩ ዳኛ የነበሩት ጋሽ ሞላ፣ ስብሰባ ላይ ሲቆጡ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጡት ሰውዬ፣ ላባቸው ይንቆረቆራል።

"በልሁ ልጄ፣ እኔ ማዳመጥ አልችልበትም። ሌላ ሰው ይቅደመኝ" አሉት።

"ጋሽ ሞላ፣ ዝም ብሎ መስማት እኮ ነው።"

"ዝም ማለቱ አይደል የገደለኝ! ለመሆኑ ሰው ሲያዳምጥ እጁን የት ነው የሚያደርገው?"

እናቱ ከሳጥኑ ወጥታ ውሃና ከረሜላ ታድላለች። "አይዞዎት ጋሽ ሞላ፤ አንድ ተናጋሪ ይምረጡና እሱን ብቻ ያዳምጡ" ትላቸዋለች። ሞታም የምታጽናናው እሷ መሆኗ የበልሁን አንጀት በላው።

እሱ ራሱ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቅንጣት አልፈራም። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ..." ብሎ ሲጀምር ድምፁ ግቢውን ሞላው። አንድ ዓረፍተ ነገር ባነበበ ቁጥር አንድ አዳማጭ ራሱን ይስታል፤ የቀሩት እያለቀሱ ተሸክመው ያወጡታል። በሩ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቆሞ፣ ጥሩምባውን መንፋት ትቶ ወደ ውስጥ ይስባል። በሳበ ቁጥር ሰው እየወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"ኧረ ተው! ምን እያደረግክ ነው?" አለው በልሁ።

"ጥሪ እየመለስኩ ነዋ። ድሮ የጠራሁትን ሁሉ።"

ግቢው ሳሳ። ጋሽ ሞላም በእጃቸው እየተራመዱ ወደ በሩ አመሩ።

"ቆይ እንጂ ጋሽ ሞላ! ደግነቷን ገና አላነበብኩም!"

"እንደርሳለን ልጄ፣ እንደርሳለን" አሉት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት።

እናቱ ብቻ ቀረች። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችው።

"ቀጥል እንጂ" አለችው።

"በልሁ! ተነስ፣ ደርሰናል።" እልፍነሽ ትከሻውን ነቀነቀችው።

ብንን አለ። ከረሜላው መዳፉ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል።

"ሰዉ በጣም በዛ?" አለ፣ ወደ ውጭ ለማየት ፈርቶ።

እልፍነሽ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቀድማው ወረደች።

ግቢው ውስጥ ቄሶቹ አሉ። መቃብር ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እልፍነሽ የተከራየቻቸው ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ የተቀመጠባቸው የለም። ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ስላነሰ የአውቶብሱ ሹፌር እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ጠበቁ። ቄሱ ሰማዩን አዩ፤ ደመናው ከብዷል፤ "እንግዲህ እንጀምር" አሉ።

የበልሁ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሞላ ናቸው፦ "ልጄ፣ ከዚህ ሩቅ ሰፈር ታክሲ አጥተን ቀረን። ነፍስ ይማር። ስታነብ ቪዲዮ አስቀርጽና ላክልን፣ ሁላችንም እናየዋለን።"

በልሁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ማይክሮፎኑን ያዘ። አንድ ሰው ምረጥ ተብሎ አልነበር? ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር አያቸው። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞሮ "ወይዘሮ ጥሩወርቅ..." ብሎ ጀመረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ምነው በተንቀጠቀጠ!