ጡሩምባዋ ልትዘጋ ነው

ሰው ሲያረጅ ያስታውቃል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ምግብ ቤትም ሲያረጅ ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ሥጋው ያንሳል፣ ከዚያ አስተናጋጁ ይጠፋል፣ በመጨረሻ የወንበሩ እግር ይነቃነቃል። ስልካችን ውስጥ ገብተው የሚኖሩት እነዚህ የመገናኛ ቤቶች ግን እርጅናቸው ለየት ይላል። ሲያረጁ ይኳኳላሉ። «አዲስ ገጽታ ይዘንልዎ መጥተናል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ወጣቶቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን እጠረጥራለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በድንገት መኳኳል የጀመረ ሰው ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ ሊሄድ ነው።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ለኖረ ሰው የቤት መዘጋት እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ሱቅ ባለበት ሕንፃ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ ያለችው ክፍል እኔ ሳውቃት ጫማ ቤት ነበረች፤ ሽቶ ቤት ሆነች፣ ቀጥላ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነች፣ አሁን ደግሞ የሻንጣ ቤት ነች፤ ነገ ምን እንደምትሆን ባለቤቱም አያውቅ። ማንም አላለቀሰላትም። ጫማ ቤቱ ሲዘጋ ጫማውን ጭኖ ሄደ እንጂ የባሌን ድምፅ ይዞብኝ አልሄደማ!

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ባለቤቴ ታደሰ ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍ፣ ዚፕና ክር በጅምላ ይሸጥ ነበር። እንጀራው ዚፕ ነበር፤ ፍቅሩ ግን ወሬ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰዎች በድምፅ ብቻ ተሰብስበው የሚጫወቱባት አንዲት የስልክ መተግበሪያ መጣች። የእንግሊዝኛ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራው ከእኛ ሰው አልነበረም፤ ምልክቷ የወርቅ ጡሩምባ ስለሆነ «ጡሩምባዋ» ተባለችና ቀረች። እዚያ ክፍል ይከፈታል፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ካለበት አገር ሆኖ እጁን ያወጣና እዚያው በዚያው ይጠይቃል። ታደሰም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ለአዲስ ገቢዎች» የሚል ክፍል ከፈተ። ናይሮቢ ከገባ ሳምንት ያልሞላው ልጅ «ጋሽ ታደሰ፣ ወደ ፓርክላንድስ የትኛው ማታቱ ነው የሚወስደኝ?» ይለዋል። የታክሲውን ቁጥር ብቻ ቢነግረው ነገሩ ያልቅ ነበር፤ የእኔ ሰው ግን እሱ ራሱ እንደመጣ ማታቱ ተሳስቶ የት እንደደረሰ፣ ረዳቱ ምን እንዳለው፣ ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ በጭናቸው ይዘውት የነበረው ዶሮ ምን እንዳደረገ ተርኮ ተርኮ፣ ልጁ የጠየቀውን ሊረሳው ሲል ቁጥሩን ይነግረዋል። ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። የስልክ ቁጥሩንም ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል።

ከስሟ ግን መጠርጠር ነበረብን። ጡሩምባ በአገራችን መቼ እንደምትነፋ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ዕድርተኛ ለሠርግ ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ መኳኳሉ ጀመራት። በድምፅ ብቻ የነበረችው ምስል ጨመረች። ታደሰ ያን ቀን «መጀመሪያ ጆሮ ብቻ ነበረች፤ አሁን ዓይን አወጣች» አለ፤ እውነትም ዓይኗን በጨው ታጥባ መጣች። ቀጥሎ አበባ መወራወር መጣ። ከዚያ ሁለት ክፍሎችን እያጋጠሙ ማስፎከር መጣ። አንድ እሑድ ታደሰ መታወቂያ እንዴት እንደሚታደስ እያስረዳ ሳለ፣ ከየት አገር እንደሆነች ከማትታወቅ ዳንሰኛ ጋር ይግጠሙ የሚል ግብዣ ፊቱ ላይ ተደቀነ። «ወገኖቼ፣» አለ ለአድማጮቹ፣ «ወገቤን ስለሚያመኝ ይቅርብኝ።» ወጣቶቹ ወደ ሌላ መንደር ፈለሱ፤ ትልልቆቹ ማስታወቂያው አሰለቻቸው። ሲያልቅ አያምር ነው። በመጨረሻዎቹ እሑዶች ክፍሉ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ቢገኝ ነበር፤ እሱ ግን ጠረጴዛው ፊት ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀመጣል።

ታደሰ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሙት ዓመቱን አውጥተናል። ለዘመድ መርዶ ነገርን፣ ለዕድሩ ነገርን፣ ለመንግሥት መዝገብም ነገርን፤ ለጡሩምባዋ ግን አልነገርንም። ለማሽን መርዶ እንዴት ይነገራል? ጎረቤት አስከትሎ በጠዋት ማን ደጅ ይኬዳል? ስለዚህ እሷ ዘንድ ታደሰ አልሞተም፤ በልደቱ ቀን «ዛሬ የታደሰ ልደት ነው፣ ደስታዎን ይግለጹለት!» ብላ ላከችብኝ። ሰድቤያት ስልኩን ደፋሁት። ልቤ ግን የማይናገረው አንድ መጽናኛ ነበረው፦ የእሑዶቹ ንግግር በሙሉ እዚያ ተቀምጧል፣ አንድ ቀን ሲቻለኝ እሰማዋለሁ እል ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ረስቼ።

ጡሩምባዋ የጠራችኝ ታዲያ እኔ ለመስማት ከመቻሌ በፊት ነው። «ከሰላሳ ቀን በኋላ አገልግሎታችንን እናቆማለን። ትዝታዎን ያውርዱ» አለች። ትዝታ እንደ ከሰል ጆንያ «ይውረድ» ይባላል? ይሁን፣ እናውርድ። ግን በምን እጃችን! በአንደኛው መኳኳሏ ጊዜ የታደሰን ስልክ ከቤቷ አስወጥታው ነበር፤ የድሮው ንግግር ደግሞ ለክፍሉ ባለቤት ብቻ የሚታይ ሆኗል። ለመግባት በስልክ ቁጥሩ የሚላክ ኮድ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የለም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ መስመሩ ላይ ሂሳብ መሙላት እጄ እምቢ ብሎኝ፣ የስልክ ድርጅቱም እንደ ደንቡ ወስዶ ለሌላ ሰው ሽጦታል።

ልጃችን ሳሮን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ መሃል ከተማ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። «እማ፣ ስትሬስ አታድርጊ። ለቤተሰብ ፎርም አላቸው፤ ቬሪ ሲምፕል» አለችኝ።

ሲምፕሉን ስሙልኝ። ፎርሙ የሟችን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ታደሰ ወልዴ፤ ወልዴ ብለን ሞላን። የአመልካችን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኔ አስቴር በቀለ ነኝ፤ በቀለ ብለን ሞላን። የልጅን ሲጠይቅ ሳሮን ታደሰ፤ ታደሰ ብለን ሞላን። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ከሟች ጋር ዝምድና እንዳለን ማረጋገጥ አልተቻለም። እንግዲህ ወልዴ፣ በቀለና ታደሰ የሚባሉ ሦስት ባይተዋሮች በአንድ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ኖረዋል ማለት ነው! ሳሮን ሚስት የአባቷን ስም እንደማትጥል፣ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት የመጀመሪያ ስም እንደሆነ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። የተክሊል ወረቀታችንንም አያያዘች። መልሱ በሰከንድ መጣ፤ ጉዳያችሁ በሃያ የሥራ ቀን ውስጥ ይታያል። የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረኝን ሁኔታ አትጠይቁኝ። ደንበኛ ጥቁር ክር ሲለኝ ነጭ እሰጣለሁ። ቀን እቆጥራለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ጡሩምባዋ ቀድማ ተዘግታ እንደሆነ አያለሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ድምፁን ላስታውስ ስሞክር ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

አንድ ቀን ሲቀር ቁጥሩን ደወልኩ። ስልኬ ላይ አሁንም «ታዴ» ነው የሚለው፤ ፎቶግራፉ ብቅ አለ።

«ሃሎ፣ ናኒ?» አለች አንዲት ሴት። ማነው ማለቷ ነው።

የእኔ ስዋሂሊ የሱቅ ስዋሂሊ ነው፤ ዚፕ ያስቆጥራል እንጂ ሐዘን አያስረዳም። «ይህ የባሌ ቁጥር ነበር» አልኳት እየተንተባተብኩ። «አንድ ኮድ ይመጣልሻል፤ እባክሽ እሱን ንገሪኝ።»

እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉት። በዚህ ከተማ ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ ያልተባለ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። «ምዊዚ!» ብላ ጠረቀመችብኝ። ሌባ ማለት ነው። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ከዚያ ቁጥር ሌባ ተብዬ አላውቅም።

ሳሮን ማታ ስትሰማ ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ በጥሩ ስዋሂሊ ረጅም መልእክት ጻፈችላት፤ የሞተው ማን እንደሆነ፣ የምንፈልገው ድምፁን ብቻ እንደሆነ። መልስ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባዋ ማምሻውን ልትዘጋ ነው፤ ሳሮን ላፕቶፑን ሱቅ ውስጥ ከፍታልኝ፣ የት እንደምነካ አሳይታኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ታዴ» ይላል። ፎቶግራፉም አለ። መስመሩ የሌላ ሰው መሆኑን ማወቄ ምን ያደርግልኛል?

«የታዴሴ ሚስት አንቺ ነሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ። ፓርክላንድስ ፀጉር ቤት ያላት፣ ማማ ኬቪን የምትባል ሴት ናት። ድምፅዋ እንደ ትናንቱ አልነበረም። «ይህን መስመር ከገዛሁ ጀምሮ ሰዎቻችሁ ሰላም ነስተውኛል፤ ጋሽ ታዴሴ፣ ጋሽ ታዴሴ! መጀመሪያ እሳደብ ነበር። አንዱ ግን መንገድ ጠፍቶት ያለቅሳል። ምን ላድርግ? ያለበትን ጠየቅሁና ማታቱውን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ የጠየቁኝን እነግራቸዋለሁ።»

«እሱ የት አለ ሲሉሽስ?»

«አሜቶካ እላቸዋለሁ።» ወጣ ብሏል ማለት ነው። «እንዲህ በአክብሮት የሚጠራን ሰው የለም ማለት ከበደኝ። እኔም ወጣ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ልጅሽ ስትጽፍልኝ ነው ያወቅሁት። ፖሌ ሳና፣ ማማ።» በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው።

ዓመት ሙሉ አንዲት የማናውቃት ሴት ባሌን ወጣ ብሏል ስትልልኝ ኖራለች! ሁለታችንም ተላቀስን። ስንላቀስ የመጀመሪያው ኮድ ጊዜው አለፈ።

ሁለተኛውን አስላክሁ። «ፍጠኚ» አለችኝና በስዋሂሊ ማንበብ ጀመረች። እኔም እመታለሁ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን የማስቀምጥበት ሳጥን አለቀብኝ፤ ሳጥኑ ስድስት፣ የእኔ ቁጥር ሰባት። ኮዱ ስህተት ነው፣ አንድ ሙከራ ይቀርዎታል፣ ከዚያ ለሃያ አራት ሰዓት ይዘጋል የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ለሃያ አራት ሰዓት! ጡሩምባዋ ለራሷ ሦስት ሰዓት ነው የቀራት። አታለለችኝ ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«የመታሽውን አንብቢልኝ» አለችኝ ማማ ኬቪን። አነበብኩላት፤ አራት፣ ሰባት፣ ዜሮ…

«ዜሮዋ ከየት መጣች? ሳባ ነው ያልኩሽ፣ ሳባ!»

ሳባ በስዋሂሊ ሰባት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሳባ፣ ሳባ እያልኩ ዚፕ የቆጠርኩ ሴት፣ ሲጨንቀኝ ጆሮዬ ወደ እናቴ ቤት ሮጦ ሰባ ብሎ ሰማው፤ ሰባትና ዜሮ አድርጌ ጻፍኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚሰማው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ሦስተኛውን አንድ በአንድ፣ እየደገምኩላት፣ ሳባ ሲመጣ ሰባት ጣት ዘርግቼ መታሁት። ማን እንዲያየኝ ነው ጣት የዘረጋሁት፣ አላውቅም። በሩ ተከፈተ። ንግግሮቹን የምታወርደው አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ስትሞላ መብራት እንዳይጠፋ ተሳልኩ። ሞላች። ማምሻውን ጡሩምባዋ ተዘጋች፤ በማግስቱ ብነካት ግራጫ ሆና ዝም አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከሳሮን ጋር ከፈትነው። ድምፁ መጣ። ራሱ ነው፤ ከቃሉ በፊት ጉሮሮውን መጥረጉ ሳይቀር። ስለ ኪራይ ቤት ያስረዳል፣ ስለ ትምህርት ቤት ያስረዳል፣ ያንን ዶሮም አመጣው። ልክ ነገሩ ሲጥም ግን ከሩቅ አንዲት ሴት ትጮሃለች። ሌላውን እሑድ ከፈትን፤ እዚያም አለች። በሦስተኛውም። ይህች ኃይለኛ ደግሞ ማናት ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ታደሰ! ምሳው ቀዘቀዘ እኮ! ዝጋው ያንን ጡሩምባ!»

«እማ፣ ኢት'ስ ዩ!» አለች ሳሮን እየሳቀች።

እኔ ነኝ። በየእሑዱ፣ ሳላጓድል፣ እኔ ነኝ። የተናገረውን ያህል እኔ አቋርጬዋለሁ። እሱ ግን አንድም ቀን አልተቆጣም። ወንበሩን ሲስብ ይሰማል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሰዎቹ «የበላይ አካል እየጠራኝ ነው፤ ጠብቁኝ፣ መጣሁ» ይላል። ንግግሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ወጥቶ የሚሄድ ሰው «መጣሁ» ነው የሚለው።

ምሳው ምን እንደነበር ብጠየቅ አንዱንም አላስታውስም። ግን ምን አስቸኮለኝ?