ማርሽና ግራ እጅ

ማርሽ በእጁ ሳይሆን በፊቱ የሚቀይር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሹም አቶ ጌጡ እንደዚያ ነበሩ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ ሁለተኛ ማርሽ እስኪገባ ማርሹም ይጮሃል፣ እሳቸውም ያቃስታሉ። አስተማሪያቸው እኔ ስለነበርሁ «ቀስ አድርገው ይልቀቁት» ስል እውል ነበር።

አንድ ጠዋት ጣና ዳር ስንለማመድ የቀበሌው ሰልፍ ከፊታችን መጣ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መፈክር ሲሰማ ግራ እጁን ጨብጦ ያላነሣ ሰው ፀረ አብዮት ይባላል። የአቶ ጌጡ ቀኝ እጅ ማርሹ ላይ ነበር። መፈክሩን እንደሰሙ ግራቸውን ከመሪው አንሥተው በመስኮት አወጡት። ታዲያ መሪውን ማን ይያዘው?

«ኧረ መሪውን ይያዙት፣ አቶ ጌጡ» አልኋቸው።

«ሰዎቹ እያዩኝ?» አሉኝ።

ዘልዬ መሪውን በሁለት እጄ ብይዘውም መኪናዋ ደንገሉን ጥሳ እስከ በሯ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ሁለተኛ ማርሽ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ሳይጮህ ገብቶላቸዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሮጠው መጡ። አቶ ጌጡ ውሃው ጉልበታቸው ደርሶ እንኳ እጃቸውን አላወረዱም። ሊቀመንበሩ በአድናቆት አዩዋቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንተ ግራ እጅስ የት ነበር?»

በሚቀጥለው ስብሰባ ግለ ሂስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።