የራውተሩ ገመድና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን ምን ያጠፋል? ምድጃ ያጠፋል። ቴሌቪዥን ያጠፋል። እኔ ራውተርም አጠፋለሁ። አጠፋ ነበር ልበል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል አይደል? ለእኔም መስሎኝ ነበር። በዚህች መዳፍ በምታክል ዕቃ የተነሣ ግን ሽማግሌ ተቀምጦብኛል።

መጀመሪያ ራሴን ልከላከል። እኛ ወላይታ ሶዶ የሚያስፈራው የመብራት መሄድ አይደለም፤ አመጣጡ ነው። ሲሄድ እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። ሲመለስ በር ገንጥሎ ይገባል። አምና እንዲህ ሲመለስ ቴሌቪዥናችንን አቃጠለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ያገኘሁትን ሁሉ ከሶኬት እነቅላለሁ።

ደግሞ የዘር ነገርም አለበት። አባቴ የገሱባ ሰው ነበር። ከራት በፊት ስንጸልይ ኩራዙን እፍ ብሎ ያጠፋዋል። "ዓይናችንን ጨፍነን ለማን ነው የሚበራው?" ይላል። አሜን ስንል ክብሪት ጭሮ መልሶ ይለኩሰዋል። አንድ ቀን እናቴ፣ ላምባውስ ተርፏል፣ ያለቀው ክብሪቱ ነው አለችው። አባቴ ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያው ጸሎቱን እናርዝመው" አለ።

እኔ እንኳ ከአባቴ የተሻልኩ ነኝ፤ ሰው እጠይቃለሁ። ከእኛ ጋር ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ የሁምቦ ልጅ አለ። ራውተር ቀን ከሌት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው አለኝ። ነጎድጓድ ሲመጣና መብራት ሲሄድ ብቻ ንቀለው፤ በየቀኑ ማብራት ማጥፋቱ ነው የሚጎዳው አለኝ። ሰው በሌለበት ቤት ለማን ይሠራል ስለው፣ "ቲቸር፣ አንተ ስትተኛ ልብህን ታጠፋዋለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ልቤ ሶኬት የለውም አልኩና ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

ባለቤቴ ቦጋለች ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ነው የምትውለው። እኔ ነቅዬ ስወጣ እሷ መልሳ ትሰካዋለች። እነቅላለሁ፣ ትሰካለች። የሥራ ክፍፍል በሉት። በመጨረሻ መላ መጣልኝ። የራውተሩን ገመድ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከጠመኔው ጋር ከተትኩና ይዤው ሄድኩ።

ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሰው ፊት ታሳፍረኛለህ!" አለችኝ። የትኛው ሰው ፊት? ልጆቻችን ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ብጠይቃት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በማግስቱም ይዤው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ማናገር ተወች። "ምሳ ቀርቧል" የምትለው ለስፌት መኪናዋ ነው። እኔ እሰማና ሄጄ እቀመጣለሁ።

ይህ በሌላ ወር ቢሆን ይቻል ነበር። ግን ጊፋታ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ወላይታ ተኳርፎ ዘመን አይለውጥም፤ የተጣላ ታርቆ ነው ጊፋታን የሚገባው። ሠላሳ አንድ ጊፋታ አብረን ገብተናል፤ አንዱንም ተኳርፈን አልተሻገርንም። ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ከእንሰት የሚሠራው ሙቿ በቅቤ ርሶ ቀርቦ፣ ቦጋለች "እንኳን አደረሰሽ" የምትለው ስፌት መኪናዋን ብቻ ከሆነ እኔ የት እገባለሁ? ፈራሁ። ሽማግሌ ይግባልኝ አልኩ።

ሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ዘንድሮ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደጃችን ላይ ናቸው። ቀድሞ ገብተው ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ውጭ ይቀራሉ እንጂ አይጠፉም። ከውሃ ሥራ ጡረታ የወጡት አቶ ዳና በእሳቸውና በእኛ መካከል ያለውን አጥር በየቀኑ ይከረክማሉ። አጥሩ መላጣ ሊሆን ምንም አልቀረው። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ስታለቅስ በስልክ ሰምቼ መልኳን ሳላይ ወር ሊሞላት ነው እያሉ ይተክዛሉ፤ በመከርከም የሚረሱት መስሎኝ አዝንላቸው ነበር። ወንጌላዊ ሉቃስ ስብከቱን የሚያዘጋጀው በራችን ላይ ባለው አቮካዶ ሥር ነው። አባታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩት ነጋዴው አቶ ታፈሰ ደግሞ የእኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። የእሳቸው ደጅ ፀሐይ የለውም? እንጃ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብዬ ኮርቼ ነበር። ሦስቱንም ጠራኋቸው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። ቦጋለች ስኳር ድንች ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረበች፤ ከእርቁ በፊት ግን አይነካም። አቶ ዳና የተጣላችሁበት ዕቃ ይምጣ አሉ። ራውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ተከሳሽ እንዲህ ሞቶ ይዳኛል እንዴ? ስካው እንጂ" አሉ አቶ ታፈሰ። ሰካሁት። አረንጓዴ መብራቶቹ ተደረደሩ። ወንጌላዊ ሉቃስ በጸሎት ከፈተ። ጸሎቱ ረዘመ። የአባቴ ልጅ ነኝና እጄ ቀስ እያለ ወደ ሶኬቱ ሄደ። አንድ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ አቶ ዳና ሁለቱንም ገልጠው ራውተሩን ያያሉ። ተያየን። ሁለታችንም መልሰን ጨፈንን።

ተራዬ ሲደርስ ስለተቃጠለው ቴሌቪዥን ተናገርኩ። ስለ አባቴም ተናገርኩ። ንግግሬን በማስረጃ ልዝጋው ብዬ ገመዱን ከሶኬቱ መዘዝኩት።

"ይኸው ጠፋ። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ?"

ሦስት እጆች ሦስት ኪስ ውስጥ ገቡ። ሦስት ስልክ ወጣ።

"ምነው ቲቸር!" አሉ አቶ ዳና። "ልጄ አሁን በቪዲዮ ልትደውል ነበር እኮ!"

አቶ ዳና ከልጃቸው ጋር ሁለት ቀን ተቀጣጥረው አጥሩ ሥር ቆመው ጠብቀዋል ለካ። ሁለቱንም ቀን ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦጋለችን አየኋት። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አናገረችኝ።

"ሰው ያልኩህ ይኸው። ቁጠረው።"

የይለፍ ቃሉን ለአቶ ዳና የሰጠች እሷ ናት። እሳቸው ለሉቃስ ሰጡ፤ ሉቃስ ለአቶ ታፈሰ። ቃል መዝራት ሥራው አይደል?

እኔ ግን በቀላሉ አልረታም። ተጠቃሚ ዳኛ አይሆንም፤ ይነሱልኝ አልኩ።

"እውነት ነው" አሉ አቶ ታፈሰ። "በቀን የማይጠቀምበትን ሰው ከሰፈሩ ፈልግና እሱ ይፍረድ።"

ባለ ዳቦ ቤቷስ? "እሷም" አለች ቦጋለች። ዘበኛውስ? "እሱም።" ከመላው ሰፈር በቀን ያልተጠቀመበት አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እኔ።

"በል እንግዲህ ፍረድ" አሉኝ።

አቶ ዳና ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ እንቁላል ይዘውታል። ምን እፈርዳለሁ? ሰካሁት። አረንጓዴዎቹ እስኪመለሱ የሉቃስ ጸሎት አጭር እንደነበረ ገባኝ። ስልኩ ጮኸ። ሕፃኗ ወጣች፤ እያዛጋች ነበር። አቶ ዳና አዩ፣ አዩ፣ አዩ። "አፍንጫዋ የእናቴ ነው" አሉ።

"ተመስገን፣ እርስዎን አለመምሰሏ!" አሉ አቶ ታፈሰ።

ስኳር ድንቹ ቀዝቅዞ ተበላ። ጊፋታን ታርቀን ገባን።

ምክሬ አጭር ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲከመርና መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ያለዚያ ራውተራችሁን አታጥፉ።

ይህን ምክር ለቦጋለችም በኩራት ነገርኳት። እሷ ግን በመስኮት ታይ ነበር። ደጃችን በጎረቤት ተሞልቷል፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቷል፤ ወደ ቤት የሚገባ የለም። ባለፈው እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ አንድ ድስት ሙሉ ስኳር ድንች ቀቀለች። የአቶ ዳና ልጅ የምትደውልበት ሰዓት አለመሆኑን ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ሄደችና ራውተሩን ነቀለችው።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። "ቤቶች! ሰላም ነው?" እያሉ ሦስቱም ተከታትለው ገቡ። "ተቀመጡ፣ ትንሽ እስኪያርፍ ነው" አለቻቸውና ዳጣውን አቀረበች። ጨዋታው ደራ። ሰዎቹ እንዳይቸገሩ ብዬ ልሰካው ብነሣ ገመዱ ቦታው ላይ የለም።

የስፌት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።