ለነገሌ እሳት መሞቂያ የሠራው መሐንዲስ

እናንተዬ፣ ፀሐይን በእርሳስ አዛለሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሐሩር አገራችን ነገሌ መጥቶ ለአስተማሪዎች ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠራ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያለው ግድግዳ እንዳለ መስተዋት። መስኮቱ አይከፈትም። እሳት መሞቂያ ግን አለው! ነገሌ ላይ እሳት የሚሞቀው ማነው? ፕላኑ ለብርድ አገር የተሠራ ነዋ!

አስተማሪዋ ልጄ እላይኛው ፎቅ ላይ አራስ ነበረች። ከሰዓት በኋላ የሕፃኑ ገላ እንደ እሳት ፈጀ፤ ጡት መያዝም አቃተው።

"እማዬ፣ ሊሞትብኝ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሕፃኑን አቅፌ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሎኮ የሣር ጎጆ ሮጥኩ፤ እናቱም ተከተለችኝ።

"ኮቱ፣ ነይ፣ ቶሎ ግቢ!" አለችኝ ሎኮ።

ጎጆው ውስጥ ነፋሱ በግድግዳው እንጨቶች መሃል ሹልክ ይላል። ልጁ ቀዝቀዝ ሲልለት ጠባ።

ወዲያው መሐንዲሱ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"እማማ፣ ከፎቁ ለምን ወረዱ?"

"ስንበስል ጊዜ ወረድን፣ ጌታው። ግባ፣ አንተም ሳትበስል አልቀረህም።"

ገብቶ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። ማንኮራፋቱስ! እሩቅ ከተማ ፊልቱ ያሉት ግመሎች እንኳ ሳይደነብሩ አልቀሩም። ሲነቃ ፊቱ ወዝቶ ፕላኑን ዘረጋ።

"ይህ ጎጆ ይፈርሳል" አለ። "ቀጣዩ ፎቅ የሚቆመው እዚህ ነው።"

ደሜ ፈላ። ፕላኑን ከእጁ መንጭቄ ሕፃኑን አራገብኩበት።

"እማማ፣ የመንግሥት ወረቀት ነው እኮ!"

"ይሁና! ዛሬ ገና ለሰው ጠቀመ።"