የመጀመሪያው መደዳ

ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተፈጠረም። እዚህኛው ሰፈር ያሉትን «ፕሮፌሰር» ይሏቸዋል። ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡት ከጥበቃ ሥራ ነው፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ግን አልፋልፋ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ለላሞቹ የሚያጭደው፣ ታጭዶ መልሶ የሚያቆጠቁጠው መኖ።

ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ካዩ ከአጥር ወዲያ ሆነው «ዋግ ነው! እኔን ጠይቁኝ!» ይላሉ። ውሃ የተኛበት ማሳ ካዩ ደግሞ ባለቤቱን ነፍስ እንዳጠፋ ሰው ያፋጥጡታል። ሰርግ ተጠርተው የሙሽራዋን አበባ ገልብጠው ሲመረምሩ ተይዘዋል። ሕመምተኛ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሰውየው ስለ ኩላሊቱ ሲያወራ እሳቸው ስለ ሥር መበስበስ አስረድተውት ተመልሰዋል። አመስግነው የሚያውቁት አንድም ማሳ የለም።

የሁሉም ማሳ የመጀመሪያ መደዳ ደግሞ የእሳቸው ነው። ማንም ማጨድ ሲጀምር የራሳቸውን ማጭድ ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ መደዳ አጭደው፣ ሁለት ስህተት ነቅሰው ይሄዳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ይህ ብሶባቸዋል። በዚያው ሰሞን የራሳቸው ማሳም ጠውልጎ አለቀ፤ ልጅ የላቸው፣ የቀራቸው የሰው አልፋልፋና ያ ማጭድ ነው።

ፍዳዋን ያየችው አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት፣ ላም እያለበች ልጆች የምታሳድግ ሴት። ፀጉሯ ሸብቶም ለእሳቸው «አንቺ ልጅ» ነች። አንድ ጊዜ ማሳዋ ከታጨደ በኋላ እንደ ልማዱ አላቆጠቁጥ አለ፤ የበቀለውም ቀጭጮ፣ ገርጥቶ ጠወለገ። ፕሮፌሰሩ «ጥማት ነው፣ ውሃ ጨምሪ» አሉ። ጨመረች። ባሰበት።

የግብርና ባለሙያው መጥቶ አንዱን ነቀለና ሥሩን ቆርጦ ውስጡን የከበበውን ቡናማ ቀለበት አሳያት።

«አጠውልግ ነው፤ መድኃኒት የለውም። የታመመ ማሳ ያጨደ ማጭድ ሳይታጠብ ጤነኛው ላይ ሲያርፍ በሽታውን ይዞት ይገባል። ማነው መጀመሪያ ያጨደው?»

ዓይኗ ወደ አጥሩ ሄደ። ፕሮፌሰሩ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። በሰው ወሬ መሀል ሳይገቡ ሲቀሩ ታይተው አይታወቅም፤ ያን ቀን ዝም አሉ።

«ጋሼ፣» አለቻቸው፣ «ላሞቼን ምን ላብላቸው?»

ቤታቸው ገቡና በራቸውን ዘጉ።

አንዷን ላም ሸጠች። የሞተውን ማሳ አረሰችው። አልፋልፋ በአልፋልፋ ላይ ስለማይሆን አዲሱን በጓሮ በኩል ዘራች። ያማረ ሆነ። የሚተቸው ግን ጠፋ፤ አጥሩ ጋ ብቅ የሚል የለም። ስትናደድባቸው የኖረችው ሴት በየጠዋቱ ወደዚያው አጥር ታይ ጀመር።

ማጨጃው ሲደርስ በባልዲ ውሃና በረኪና ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ማጭዱን ያምጡትና አብረን እንጠበው። የመጀመሪያው መደዳ የእርስዎ ነው።»

በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ከስተዋል።

«በደንብ ይዘሽዋል፤ አንድም ጉድለት የለበትም» አሏት።

ማሳውን አላዩትም። ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ከነጤዛው አንድ ሸክም አጨደች። ጤዛ ያለበት አልፋልፋ ላም እንደሚነፋ ሰፈሩ በሙሉ የተማረው ከፕሮፌሰሩ ጩኸት ነው። ለላሞቹ ልትሰጠው አልነበረም። ተሸክማው በመስኮታቸው ሥር አለፈች። ምንም የለም። ተመልሳ፣ እያሳለች፣ እያዘገመች አለፈች።

መስኮቱ ተከፈተ።

«አንቺ ልጅ! ከነጤዛው? ላሟን ልትገያት ነው?»

ወዲያው ድምፃቸው ወረደ።

«ግን… እኔ ምን አውቃለሁ።»

ሸክሟን መስኮቱ ሥር አወረደች።

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ፣ ጋሼ?»