ጡረታዬን በአደባባይ ያነበብሁበት ቀን

በዚያ ቀን የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘማች ተማሪ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሼህና ቄስ፣ የፍርድ ቤት አለቃዬ አቶ መንገሻ፣ አያ ይማም፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ የመካነ ሰላምን ገበያ ሜዳ የሞላ ገበሬ፤ እና እኔ።

እኔ ባልኖር በወደድሁ።

ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ የዛሬውን ጉዴን ስሙ።

ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት ለወጣት ሠራተኞቹ ስለ ጡረታ ቁጠባ ሥልጠና ሲሰጥ እኔን "አርአያ ጡረተኛ" ብሎ ጋብዞኝ ነበር። ከረባት አስሬ ሄድሁ። ማይክ ጨበጥሁ። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ "ጋሼ፣ ለጡረታዎ መጀመሪያ ያስቀመጡት ምን ነበር?" አለችኝ።

"ረሳሁት" አልኋት።

ውሸት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ለልጆቼ ያልነገርሁትን ለፌስቡክ መናገሬ ያስገርም ይሆናል፤ ፌስቡክ ግን ቢያንስ ዐይን ዐይኔን አያየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ሚስት እንኳ ሳላገባ እርጅናዬ ያሳስበኝ ነበር። አቶ መንገሻ ደግሞ ምክር አያልቅባቸውም፤ "ስማ፣ የመንግሥት ጡረታ ለትንባሆም አይበቃህ። መሬት ያዝ። መሬት አይታመም፣ አይሞት" ይሉኝ ነበር።

ያን ዓመት ከአጅባር በኩል ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፍ ነበር። የአያ ይማም በሬዎች ሁለቱም ሞቱ። እኔ አስቀድሜ ከአቀስታ ገበያ ያስጫንሁት ገብስ ነበረኝ። እርሳቸው ከአባታቸው የወረሱት ማሳ ነበራቸው። ልጆቻቸው ደግሞ ቆመው መሄድ አቅቷቸው ነበር።

ምን እንደተዋዋልን መገመት አያቅታችሁም። ውሉን ራሴ ጻፍሁት፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅም ገብሱን አላስነካሁም።

ኮሜንት ላይ "ዘመኑ ነው" ብላችሁ እንዳታጽናኑኝ።

አያ ይማም በአባታቸው ማሳ ላይ የእኔ እኩል አራሽ ሆኑ፤ ከሚያርሱት ግማሹ ለእርሳቸው፣ ግማሹ ለእኔ። "አላህ ይስጥልኝ ጌታው" ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ። እኔም ነፍስ ያዳንሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ወረዱ። ንጉሥ ይወርዳል፣ መሬት የት ይወርዳል ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ ዘማቹ የመሬት አዋጅ ይዞ መጣ። ሕዝቡ ገበያ ሜዳ ላይ ተጠራ። ልጁ ግን የደጋችን ብርድ ጉሮሮውን ዘግቶበታል፤ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም።

እዚህ ላይ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ አይደል?

አልተቀመጥሁም። ድምፄ በወረዳው የታወቀ ነበር፤ ፍርድ ሳነብ የተፈረደበት ሰው እንኳ "አነባበቡስ ማለፊያ ነው" ይል ነበር። ተነሥቼ ወረቀቱን ከልጁ እጅ ተቀበልሁ፤ ውስጡን አስቀድሜ ሳላየው።

መጀመሪያውን እንደ ቅኔ አወረድሁት። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ይሰጠዋል። እልልታ! እኔም አብሬ ፈገግ አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወደ ልቤ ገና አልተመለሰም ነበር። አቶ መንገሻን ሳይ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀጥሎ፣ መሬቱን በሌላ ሰው ጉልበት የሚያሳርስ ከእንግዲህ ከአራሹ ምንም እንዳይቀበል የሚል አንቀጽ መጣ።

ዘለልሁት።

አዎ፣ ዘለልሁት። የበልጉ ገብስ ቡቃያ ላይ ነበር። ያቺ አንቀጽ ካልተሰማች፣ ሰኔ ላይ አያ ይማም ግማሹን እንደልማዳቸው ጎተራዬ ድረስ ያመጡልኛል ብዬ አሰብሁ።

ዘማቹ ግን ያጣው ድምፁን እንጂ ዐይኑን አልነበረም። መጥቶ ከጎኔ ቆመና ጣቱን የዘለልሁት መስመር ላይ አሳረፈ። ሰው ሁሉ ጣቱን አየ።

"ምንድነው እሚያሳይዎ፣ ጸሐፊ?" አሉ እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል።

አነበብሁት። ያ የታወቀ ድምፅ የትንኝ ሆነ።

"አልሰማነም። ይድገሙት እስቲ።"

ደገምሁት።

"ኧረ ፊት ለተቀመጡት ለቄሱም አልደረሰ። በዚያ በፍርድ ቤቱ ድምፅዎ ይሁን እንጂ።"

ሼሁ ጺማቸውን ይዘው፣ ቄሱ በነጠላቸው ተከልለው ይስቃሉ። ሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት፤ በፍርድ ቤቱ ድምፄ። "አልሐምዱሊላህ" የሚለውም "ተመስገን" የሚለውም ተቀላቀለ።

አያ ይማም ተነሡ። "ለሚያርስ ሁሉ መሬት ይሰጣል ነው ያልኸው?" ጌታው ማለቱም፣ አንቱታውም እዚያው ቀረ። "እንግዲያ አንተም አትቀርም፤ ና ሞፈሩን ያዝ። ማረስ ታውቃለህ?"

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።

ሰው ማሳ ማሳውን ሊያይ ሲበተን አያ ይማም ወደ እኔ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ስድብ በስንት ጣዕሙ።

"ለመሆኑ ደመወዝ አለህ፣ ቤት አለህ፤ ማሳዬን ለምን ፈለግኸው?" አሉኝ።

"ሳረጅ እንዳይርበኝ ብዬ ነው፣ አያ ይማም።"

በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

"እኛኮ ሳናረጅ ነው የራበን" አሉና እትዬ ዘይነባን ተከትለው ሄዱ።

እና አንቺ ጠያቂዬ፣ መጀመሪያ ያስቀመጥሁት የተራበ ሰው ማሳ ነበር። ቆጥቡ፣ እኔ ቁጠባ አልጠላም፤ ግን አርአያ ከፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ሥልጠና ሌላ ሽማግሌ ብትፈልጉ አይሻልም?

ያን ቀን ሜዳው ላይ ስንት ሰው ቀረ ብትሉ፣ አንድ። ወረቀቱን እንኳ ዘማቹ ከእጄ ወስዶት ሄዷል።