በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ስልክ

በምነግራችሁ ነገር ውስጥ የማዛንፈው አይጠፋም። ማን አስቀድሞ እንደተናገረ፣ ከማን ስልክ እንደተጀመረ ላምታታ እችላለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ዕድሜዬ ግን አልቆመም። ቀን ላይ ብቻ አልሳሳትም። ጣጣውን ሁሉ ያመጣውም ይኸው ቀን አለመሳሳቴ ነው።

በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ የሚገፋ፣ ባጃጅ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሹፌሩን ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ሰው ሰፈራችሁ ውስጥ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር እሱ እኔ ነኝ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት የተረተው ሰው እንደ እኔ ያለ ጎረቤት ሳይኖረው አልቀረም። እውነቱን ለመናገር፣ ስንጥር ስፈልግ ብዙ ገንፎ አቀዝቅዣለሁ።

ልጆቼ ስልክ ሲገዙልኝ መጀመሪያ ያየሁት ዓመተ ምሕረቱን ነው። ስልኩ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ በዚህ ላይ ስምንት ዓመት ያስረጀኛል። በእኔ ዕድሜ ስምንት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ዓመቱንም በእኛ አደረግሁት። አንዳንዱ ወር ሲያልቅ ስልኩ ከእኛ ጋር ስለማይስማማ በእጄ እመልሰዋለሁ። ጳጉሜን ጨርሶ ስለማያውቃት እነዚያን ቀናት ስልኩን አጥፍቼ አሳልፋለሁ።

ይህን ያዩ የሚካኤል ማኅበርተኞቼ የእኛንም አስተካክልልን አሉኝ። አስተካከልኩላቸው። የማኅበራችንን ቄስ ስልክ ብቻ አልነካሁም። የቄሱ ስልክ ልጃቸው የሰጠቻቸው አይፎን ነው፤ ብሰብረው ንስሐውን የምገባው ለእሳቸው ስለሆነ ፈራሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለቤቴ ለተብርሃን ስኳር አለባት፤ ያለ ኢንሱሊን መዋል አትችልም። መድኃኒቱ አንድ ቦታ ይኖራል፣ ሌላ ቦታ አይኖርም፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም። ዓይደር ሆስፒታል "የለም" ካሉኝ ሰሜን ወደሚባለው ሰፈር በባጃጅ እሄዳለሁ። ሰሜን ደግሞ "ትናንት ነበር" ይሉኛል። "የለም" ሲሉኝ እችለዋለሁ። "ትናንት ነበር" ግን ልብ ይሰብራል።

የጎረቤቴ ልጅ ፍረወይኒ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች፣ እኔን ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ስንከራተት እያየች ያደገች ናት። ከሐዋሳ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ ከቀረውና ዓዲ ሓቂ ሰፈር ተከራይቶ ከሚኖረው ከጓደኛዋ ከበረከት ጋር ሆና አንድ መተግበሪያ ሠራች። መድኃኒት ቤቶቹ በየጠዋቱ ያላቸውን ይጽፋሉ፤ ሕመምተኛው ቤቱ ተቀምጦ ያያል። በቃ፣ ይኸው ነው። መድኃኒት ቤቶቹ እስከ ፋሲካ ሊሞክሩት ተስማሙ። "ሕመምተኛው ካልከፈተው ግን በየጠዋቱ የምንጽፈው ለማን ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። አዲስና አሮጌ፣ ውድና ርካሽ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ሳይቀር ስልክ ከየሰዉ ለምነው ሞክረውታል። አንድሮይድ የሚባለው ነገር ዕድሜ እንዳለው፣ ያረጀው አዲሱ የሚችለውን ሁሉ እንደማይችል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እኔ ለስልኩ አዘንኩለት። በሁሉም ላይ ተከፈተ። የቀራቸው የሽማግሌ ስልክ ነበርና በመጋቢት ሚካኤል ማኅበራችን ወዳለበት ወደ ማኅበርተኛዬ ወደ ሃይሉ ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

ጸሎቱ ደርሶ ስዋው፣ ጠላችን፣ ከተቀዳ በኋላ ስልክ ሁሉ መሶቡ አጠገብ ተደረደረ። በረከት ለእኛ ከራሱ ስልክ እያሻገረ፣ ለቄሱ ከኢንተርኔት አውርዶ ጫነልን። ከፈትነው። "ማገናኘት አልተቻለም" ይላል። የእኔም፣ የሃይሉም፣ የሁሉም። የቄሱ አይፎን ብቻ ቦግ ብሎ የከተማውን መድኃኒት ዘረዘረ።

"እንግዲህ ቄሱ ይዳናሉ" አለ ሃይሉ። "እኛ ደግሞ እንቀበራለን። ፍትሐቱን የሚያደርሱልን በሕይወት መኖራቸው መልካም ነው።"

"አቦይ ሃይሉ፣ ትንሽ ይታገሡ" አለ በረከት፤ ትግርኛው ባይሰላም ሽማግሌውን ሁሉ አቦይ፣ አባቴ፣ ማለቱን ለምዷል። "አንድሮይዱ አርጅቶ ይሆናል።"

"እኔስ? እኔን ለምን አትቀይረኝም?"

ስልኩን አጠፉ፣ አበሩ፣ መተግበሪያውን ሰርዘው ደግመው ጫኑ። የሚገርመው ነገር፣ የፍረወይኒ ስልክና የእኔ ስልክ ከአንድ ሱቅ የተገዙ መንትዮች ናቸው። የእሷ ያያል፣ የእኔ ታውሯል። በረከት ላረጁት ስልኮች ብሎ ሥራውን እንደገና ሊያበጅ አንገቱን ደፍቶ ዓዲ ሓቂ ገባ። አበጀው፤ አመጣው። "ማገናኘት አልተቻለም።"

ሆሳዕና ሲቃረብ አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት መጻፉን ተወ። የለተብርሃን ኢንሱሊን መጨረሻው ብልቃጥ ላይ ደርሷል። እሷ ፍሪጁን ከፈት አድርጋ ታይና ትዘጋዋለች።

አንድ ጠዋት ፍረወይኒ ስልኬ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ ልታነሳ መጣች። የእሷንና የእኔን ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየቻቸው።

"አቦይ ተክላይ፣ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ሰዓት ከሩብ።"

"እሱማ ነው። ስልክዎ ላይስ?"

"ሦስት ሰዓት ከሩብ አልኩሽ እኮ፣ ጓለይ" አልኳት፤ ልጄ ማለቴ ነው።

የራሷን አየች፤ ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ሁላችንም ዘጠኝ የሚለውን እያየን በአፋችን ሦስት ማለት ስለለመድን፣ በእኔ ስልክ ላይ ሦስት ሲል ማንም ልብ አላለውም ነበር። ትክክል የሆነን ነገር ማን ይጠረጥራል?

"ዓመተ ምሕረቱስ?"

"እሱም ልክ ነው" አልኩ፤ ትንሽ ኮራ ብዬ።

"የማኅበርተኞቹን ስልክ ማን ነው ያስተካከለው?"

"ሁሉንም እኔ ነኝ። የቄሱን ብቻ ፈርቼ ተውኩት።"

ከት ብላ ሳቀች። ለተብርሃን ከጓዳ ወጥታ ምን ተፈጠረ ብትል ልጅቷ መናገር አቅቷት በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

ቆይታ አስረዳችኝ። ስልኩ ሩቅ ካለው የመተግበሪያው ማከማቻ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው ላይ የተሰጠበት ቀን አለ። "የእርስዎ ስልክ ከስምንት ዓመት በኋላ የተጻፈ ማኅተም ሲያይ ሐሰተኛ ነው ብሎ በር ይዘጋል" አለችኝ። "ስልኩ እንደ ባለቤቱ ነው፣ አቦይ።" እኛ ደግሞ በስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ጉዳይ ስለሌለን በሩ መዘጋቱን ሳናውቅ ኖረናል።

ቀኑን መለሰችው። በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጀሁ፤ መተግበሪያውም ተከፈተ። ሰሜን ያለ አንድ መድኃኒት ቤት፣ ኢንሱሊን፣ "አለ" ይላል። የባጃጁን ፍሬን ሳልጠይቅ ሄድኩ። ነበረ። ትናንት ሳይሆን ዛሬ ነበረ።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ማኅበራችንን አታውቁትም። ሌሎቹ ቀናቸውን አናስነካም አሉ። "ደህና ነኝ፣ አንድም አያመኝም" አለ ሃይሉ። "ለማላውቀው በሽታ ብዬ ስምንት ዓመት ልርጅ?"

እዚህ ላይ ልጆቹን አደነቅኋቸው። አልተከራከሩም። ስልኩ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ መተግበሪያው በትግርኛና በአማርኛ ምን መደረግ እንዳለበት በትህትና እንዲናገር አደረጉት። ሲከፈት ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የእኛን ቀን፣ የእኛን ሰዓት፣ የዕለቱን ታቦት ያሳያል። መድኃኒቱ ከሥር ይከተላል። ሃይሉ ይህን ሲያይ ቀኑን መልሱልኝ ብሎ ስልኩን ራሱ አመጣ። ዛሬ ያ አንድም የማያመው ሰው ጠዋት ጠዋት የመድኃኒት መተግበሪያ ይከፍታል። መድኃኒት ቤቶቹ መተግበሪያውን የሚከፍተው ሰው መብዛቱን አይተው፣ የተወውም ሰው ተመልሶ፣ ከፋሲካ በኋላም እንቀጥላለን አሉ። አብዛኛው የሚከፍተው ሚካኤል መቼ እንደሚውል ለማየት መሆኑን አልነገርናቸውም። ምን ይጠቅማቸዋል?

ፍረወይኒና በረከት ቀጥሎ ወደ ውቅሮ ወሰዱት። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ደወለችልኝ። "አቦይ፣ እዚህም እንደ እርስዎ ያለ አንድ ጥንቁቅ ሽማግሌ አለ። የማኅበሩን ስልክ ሁሉ እሱ ነው ያስተካከለው።"

"እሺ አለ?"

"ቀኑን መለሰ። ግን መተግበሪያው ጳጉሜን ያውቃል ብንለው አላመነም። እስክትመጣ ጠብቄ አያለሁ አለ።"

"ልክ ነው፣ ይጠብቅ" አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከውቅሮ ወሬ አልሰማሁም። ጳጉሜም ገና አልደረሰችም። ለተብርሃን ፍሪጁን ስትከፍት ኢንሱሊኑ ተቀምጧል። ስልኬም እንደበራ ነው፤ ዘንድሮ በጳጉሜ አላጠፋውም።